የጎን ወንበር ፦ ይቅር

ሚዛኑን ባለፈው ሳምንት ትተነው የወጣነው ጋራዡ ውስጥ፣ ኪያቤ፣ የብሎን መፍቻውን፣ በእጁ ይዞ፣ በሩን በሩን ሲያይ ነበር። ሳምንት አርፈን ስንመለስም ያው ነው፤ ኪያቤውን ይዟል፣ በሩን ያያል። ፍቅር የያዘው ሰው ለጸሐፊ ይመቻል፤ የተዉት ቦታ ይገኛል።

አዲስ ለመጣ አንባቢ ነገሩ አጭር ነው። ሚዛኑ ሜካኒክ ነው። ስሙን ያወጡለት የጋራዡ ሰዎች ናቸው፤ ከመኪና ላይ የፈታውን ዕቃ፣ ብሎን እንኳን ቢሆን፣ ሳይመዝን መደርደሪያ አያስነካም። የሚወዳት ሴት የጆሮ ሐኪም ናት። አባቷ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ነው፤ የከተማዋ አስፋልት ግማሹ የሱ ነው፣ ጉድጓዱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ። ሁለቱን ያገናኘቻቸው የአባቷ መኪና ናት።

ጣሊያን ሠራሽ ናት። ረጅም፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ለሩቅ መንገድ የተፈጠረች። ሁለት ሰው ከነሻንጣው ተቀምጦ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ እያወራ ከአገር አገር እንዲሻገርባት ታስባ የተሠራች፤ ወፍራም ምንጣፍ፣ ድርብ መስታወት፣ ሰው የሚውጥ የቆዳ ወንበር። ይህች ለስላሳ መኪና ግን የስፖርት እኅት አለቻት። እኅትየዋ ዝቅ ብላ ትሮጣለች፣ ስትጮህ ሰፈር ታስነሳለች፣ ክብደቷ እንዲቀንስ ሲባልም ምቾት የተባለ ነገር ሁሉ ተገፏታል፦ ምንጣፉ፣ የኋላ ወንበሩ፣ ድምፅ የሚያፍነው ስፖንጅ፣ ሬዲዮው። ድሃ ሬዲዮ የሌለው መኪና ከነዳ ጉድለት ነው፤ ሀብታም ሬዲዮውን ካስወጣ ስፖርት ነው።

ተቋራጩ የገዛው ለስላሳዋን ነበር። ጎረቤቱ ግን ስፖርቷን ገዛ።

«ሰውዬው ጠዋት ሲያስነሳት የኔ መስኮት ይንቀጠቀጣል» አለ ተቋራጩ፣ የዛሬ ሦስት ወር ለጋራዡ አለቃ። «እኔም የሱን መስኮት ማንቀጥቀጥ እፈልጋለሁ። ሌላ ጥያቄ የለኝም።»

እናም የሥራ ካርድ ተከፈተ። ሚዛኑ በአንድ በኩል የዕቃውን ስም ይጽፋል፣ በሌላው በኩል አንዲት ቃል። ምንጣፍ ፦ ይቅር። የኋላ ወንበር ፦ ይቅር። ሬዲዮ ፦ ይቅር። በጋራዡ ቋንቋ ይቅር ማለት ይውጣ፣ ያለ እሱ እንኖራለን ማለት ነው። አባትየው ጊዜ ስለሌለው ካርዱ ላይ የምትፈርመው ልጁ ሆነች። በየማክሰኞው ትመጣለች፣ የተገለበጠ ጎማ ላይ በነጭ ቀሚሷ ትቀመጣለች፣ ካርዱን ታነባለች፣ ትስቃለች።

«ይቅር፣ ይቅር፣ ይቅር! ይህ የጥገና ካርድ ነው ወይስ የንስሐ?»

«እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ ዶክተር።»

«ይፈርሙልኝ አትበለኝ አላልኩህም? አንቺ በለኝ። ምን ትሆናለህ?»

«እሺ ዶክተር፣ እላለሁ። አሁን ግን እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

እንዲህ ሲላት ዓይኑ ከከንፈሯ አይነሳም ነበር። ይህን እናንተም ልብ በሉልኝ፤ እሷ ልብ ብላዋለች።

ከዚያ ያች ማክሰኞ መጣች። ስፖንጁ ወጥቶ፣ አዲሱ የጭስ ማውጫ ማርሚታ ተገጥሞ፣ መኪናዋን ለመሞከር አብረው ወጡ። እሱ መሪውን ያዘ፣ እሷ ከጎኑ ተቀመጠች። ከከተማው ወጥተው ሰፊው መንገድ ላይ ጫን ሲላት መኪናዋ ጉሮሮዋን ከፍታ አገሩን ሞላችው። ሐኪሟ ወደ ፊት እያየች አንድ ነገር ተናገረች። ሚዛኑ መንገዱን እያየ ነበር፤ ከንፈሯን አላየም። ስለ ማርሚታው ድምፅ የጠየቀችው መሰለው። አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ በሙሉ ደስታ፣

«እንዲህ ነው እንጂ!» አላት።

እሷ ዝም አለች። እስኪመለሱ ድረስ አንገቷን ደፍታ ጉልበቷ ላይ የሆነ ነገር ስትጽፍ ቆየች። እሱም ዝምታዋ የደስታ መስሎት፣ ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ቀን ተደስቶ አያውቅም። ከመኪናው ስትወርድ ግን እጁን አልጨበጠችውም። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። አንድ ማክሰኞ ሙሉ ያለ እሷ አለፈ፤ ጎማው ተገልብጦ ብቻውን ዋለ።

ዛሬ ሰኞ ነው። ጠዋት የተቋራጩ ሾፌር ካርዱን ይዞ መጣ።

«ይኸው፣ ዶክተር ሞልታዋለች» አለ። «መኪናዋ ቶሎ ትጨረስ ብለዋል ጋሼ። እሷም ረቡዕ ትሄዳለች።»

«የት?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? እኔ መሪ እንጂ ወሬ አልይዝም። ሌላ አገር ነው፤ ሆስፒታል። ዓመት ነው አሉ።»

ሚዛኑ ካርዱን ተቀበለ። ከሁሉ በታች አንድ መስመር ባዶ ትቶ ነበር፤ የጎን ወንበር የሚለውን። ስፖርት የመጨረሻ ደረጃው ላይ ሲደርስ እሱንም ያወጡታል፤ ነጂው ብቻውን ይቀራል። ተቋራጩ «ከሆነ እሱም ይውጣ» ብሎ ነበር፤ የሚዛኑ እጅ ግን ያችን ቃል እዚያ መስመር ላይ ለመጻፍ እምቢ አለች። አሁን በሌላ እጅ፣ እሱ በሚያውቃት ሾጣጣ ጽሕፈት፣ ተጽፋለች።

የጎን ወንበር ፦ ይቅር።

ሦስቴ አነበበው። በጋራዥ ቋንቋ የተጻፈ የመሰናበቻ ደብዳቤ ከዚህ በላይ አጭር ሊሆን አይችልም። ከጎኔ ሰው አልፈልግም ነው የምትለው፤ ያለ እሱ እንኖራለን። ሬዲዮው፣ ምንጣፉ፣ ከዚያ አንተ። ቅር አልተሰኘም፤ ወይም አልተሰኘሁም አለ ለራሱ። የጆሮ ሐኪም፣ የተቋራጭ ልጅ፣ ጥፍሩ ውስጥ የሦስት ዓመት ግራሶ ያለበት ሰው ምን ልታደርገው! ሆኖም ኪያቤውን ሲያነሳ እጁ ከበደው፤ ኪያቤውን ግን መዝኖታል፣ ያን ያህል አይከብድም።

✻

ወንበሩ በአራት ብሎን ነው የተያዘው። ሦስቱ እሺ ብለው ወጡ። አራተኛው ከአንገቱ ዞረ እንጂ አልወጣም፤ ሚዛኑም አላጣደፈውም። በመጨረሻ እሱም ወጣ፤ ወንበሩን አቅፎ አወጣና መመዘኛው ላይ አስቀመጠው።

ቀለም ቀቢው ከወዲያ ጥግ ጮኸ። «ስንት መጣ?»

«አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ከሁለት መቶ።»

«ለአንድ ወንበር በዛ!»

«ሰው ተቀምጦበት ነበራ» አለ ሚዛኑ፣ ቀስ ብሎ።

ከዚያ የባዶውን ቦታ ወለል ሊጠርግ ጎንበስ አለ። ከመኪና ወንበር ሥር የሚገኘውን ሜካኒክ ያውቀዋል፦ የስክሪብቶ ክዳን፣ የፀጉር ማስያዣ፣ አንድ የጠፋ የጆሮ ጌጥ፣ ሰው ሁሉ የተጣላበት። የዛሬው ግን ወረቀት ነው። በአራት የታጠፈ የሆስፒታል የቀጠሮ ወረቀት፤ ከወንበሩና ከመካከለኛው ሳጥን መሀል ሾልኮ የወደቀ።

በፊት ለፊቱ እንዲህ ይላል፦ ታካሚ ፦ ሚዛኑ። የሚመረመረው ጆሮ ፦ ቀኝ። ቀን ፦ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ዓርቡ ካለፈ ዐሥር ቀኑ ነው። ጀርባው ላይ ደግሞ ያች ሾጣጣ ጽሕፈት፤

«ቀኝ ጆሮህ እንደማይሰማ ካወቅኩ ቆየሁ። ሞተር ስታዳምጥ ካቻቢቴውን ሁልጊዜ ግራ ጆሮህ ላይ ነው የምትደግፈው። አለቃህ ሰምቶ ሥራህን እንዳያሳጣህ ብለህ ነው የምትደብቀው፤ እኔም አልናገርብህም። ግን ከሰው ሁሉ ደብቀህ ከጆሮ ሐኪም ትደብቃለህ? ከንፈሬን የምታየው ንግግሬን ለማንበብ ነው ለካ! እኔ ደግሞ ሌላ መስሎኝ ሁለት ወር ሙሉ ቀለም ስቀባው ከረምኩ። ይሁን።

ዛሬ መኪናው ውስጥ አንድ ነገር ጠይቄህ ነበር። አውቄ ነው በማይሰማው ጆሮህ በኩል የጠየቅኩህ፤ ፈሪ ነኝ። የሩቁ ሆስፒታል ለአንድ ዓመት ጠርቶኛል። ልሂድ ወይስ ልቅር? ነው ያልኩህ። አንተም ‹እንዲህ ነው እንጂ!› አልከኝ፣ ጣትህን ቀስረህ። እንዳልሰማህ አውቃለሁ። ያልሰማ ሰው መልስ እንደዚህ የሚያመው ለምንድን ነው? ዓርብ ና። ዓርብ በደህናው ጆሮህ በኩል እጠይቅሃለሁ።»

ሚዛኑ ወለሉ ላይ፣ ወንበሩ በነበረበት ባዶ ብረት ላይ ተቀመጠ። ልብሱ እንዳይቆሽሽ የሚጠነቀቀው ሰው፣ ዛሬ የተቀመጠበትን አላየም። ዐሥር ቀን። እሷ በሩን እያየች፣ እሱም በሩን እያየ፤ ሁለት ሰው በሁለት በር ላይ ዐሥር ቀን አፍጥጦ ኖሯል። ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ከብሎኑ ወጣ።

✻

የጆሮ ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ከጩኸት ቦታ ሁሉ የባሰ ጩኸት ያለበት ነው። ነርሷ ቁጥር ትጠራለች፣ ማንም አይነሳም፤ እንደገና ትጠራለች፣ ሁሉም ይነሳል። ሚዛኑ በቱታው እንደሆነ ሠላሳ አንድ ቁጥር ይዞ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጠ።

«አንተም አትሰማም?» አሉት ሽማግሌው፣ ሰፈር በሚሰማው ድምፅ።

«በቀኝ በኩል፣ አባቴ።»

«ምን አልክ?»

«አልሰማም!» ብሎ ጮኸ ሚዛኑ። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየው። ከንፈሩን ነከሰ፤ ይህን ጮክ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር፣ የተናገረውም ላልሰማ ሰው ነው።

ሠላሳ አንድ ተጠራ። ሲገባ ሐኪሟ አንገቷን ደፍታ ትጽፍ ነበር። ቀና አለች። የሆነ ነገር ፊቷ ላይ በራና ወዲያው ጠፋ፤ በመስኮት አልፎ እንደሚሄድ የመኪና መብራት። ዓርብ ያስጠበቃት ሰው ሰኞ መጣ።

«ዶክተር፣ እኔ…»

«ገብተህ ተቀመጥ» አለች፣ ለሠላሳኛው ሰው በተናገረችው ድምፅ። «መናገር አይፈቀድም። እኔ የምለውን ቃል ብቻ ደግም።»

ድምፅ የማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገባችው፤ የቁም ሣጥን የሚያህል፣ ግድግዳው ሁሉ ስፖንጅ። ከተቋራጩ መኪና ያወጣው ዓይነት ስፖንጅ። እነዚያ ሰዎች ዝምታን እያወጡ ይጥላሉ፣ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ሰብስበው ክፍል ይሠሩበታል። የጆሮ ማዳመጫውን ጫነችለት፤ ጣቶቿ ፀጉሩን ላለመንካት ተጠነቀቁ። በሩን ዘጋች። ከመስታወቱ ወዲያ ማይክራፎኑ ፊት ተቀምጣ ከንፈሯን በወረቀት ሸፈነች፤ ታካሚ እንዳያነብ ነው ደንቡ። ሚዛኑ በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ከንፈሯ ቀረ።

«ቤት» አለ ግራ ጆሮው ውስጥ ያለው ድምፅ።

«ቤት።»

«ዝናብ።»

«ዝናብ።»

«ወንበር።» ወረቀቱ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«ወንበር» አለ ሚዛኑ።

ወደ ቀኝ አዞረችው። ድምፁን ከፍ አደረገች። ቃላቱ ከሩቅ፣ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚመጡ ሆነው ይደርሱት ጀመር።

«መንገድ።»

«መንደር?»

ጻፈች። ድምፁን እንደገና ከፍ አደረገች።

«ሰኞ።»

«ሰኞ።»

ወረቀቱ የሸፈነው ፊት ላይ ዓይኖቿ ብቻ ይታዩ ነበር፤ እነሱም ወደ እሱ አያዩም።

«ልሂድ» አለ ድምፁ።

ደንቡ መድገም ነው። «ልሂድ» አለ ሚዛኑ፤ ይህን ቃል ከአፉ ማውጣት አራተኛውን ብሎን ከማውጣት የባሰ ነበር።

«ልቅር።»

ሚዛኑ አፉን ከፈተ። ሦስት ወር ሙሉ ይግቡ፣ ይፈርሙ፣ ይቀመጡ ሲል የኖረ ምላሱ አንድ ጊዜ ተንጠለጠለ። ከዚያም፣

«ቅሪ» አለ።

ወረቀቱ ቆመ። «ደግም ነው ያልኩህ» አለ ማዳመጫው ውስጥ ያለው ድምፅ፤ እየቀጠነ። «ልቅር።»

«ቅሪ።»

ማይክራፎኑን አጠፋችው። አንገቷን ደፋች፣ ትከሻዋ ተንቀሳቀሰ፣ አንድ ነገር ተናገረች። ሚዛኑ ጋ ምንም አልደረሰም። ሁለቱም ጆሮዎቹ እኩል ደንቁረው፣ ስፖንጅ መሀል፣ መስታወት ወዲህ ብቻውን ነበር። የኖረበት ልማድ ነውና አውራ ጣቱ ከእጁ ተለይቶ ወደ ላይ መነሳት ጀመረ፤ ገባኝ፣ ጥሩ ነው፣ እንዲህ ነው እንጂ ሊል። አየው። ያው ጣት ነው። በሌላው እጁ ይዞ አወረደው። ማዳመጫውን አውልቆ በሩን ከፈተ።

«አልሰማሁም» አለ። «ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም። ከመስታወት ወዲያም አይሰማም። የተናገርሽውን ድገሚልኝ።»

ሐኪሟ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ፈርሜያለሁ ነው ያልኩት። ሐሙስ ዕለት። ያን ዓርብ ከሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠብቄህ፣ ሳምንትም ጨምሬልህ፣ ከዚያ ፈረምኩ።»

«ወንበሩ ላይ የተውሽልኝን ወረቀት ያገኘሁት ዛሬ ነው። ወንበሩን ሳወጣ፣ ከሥሩ።»

«ወንበሩን ማን አውጣ አለህ?»

«አንቺ ነሻ። ይቅር ብለሽ ጽፈሽ።»

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁም ከለቅሶው ብዙ አይለይም ነበር።

«ይቅር ያልኩት ወንበሩን መሰለህ?»

«ካርዱ ላይ እኮ…»

«በማይሰማው ጆሮህ ተደብቄ ስለጠየቅኩህ፣ ይቅር። አንተም ዓርብ ሳትመጣ ስለቀረህ፣ ይቅር። አባቴ ካርዱን ያየዋል፣ ደብዳቤ አልጽፍበት። ባዶ የቀረው መስመር ያ ብቻ ነበር።»

«በጋራዥ ቋንቋ ግን…»

«አውቃለሁ በጋራዥ ቋንቋ! እኔ ጋራዥ ነኝ?»

በሁለቱ መካከል አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የተፈረመ ውል፣ አንድ ተቋራጭ ከነመንገዱ ነበር።

«ዓመት ነው?» አለ ሚዛኑ።

«ዓመት።»

«ዓመት ስንት ኪሎ ነው?»

እጇን ዘርግታ ግራሶ ያለበትን ጣቱን፣ ያንን አጥፊውን፣ ያዘችው። በሩ ተከፈተ።

«ዶክተር፣ ሠላሳ ሁለትን ብጠራቸው ብጠራቸው አይሰሙም» አለች ነርሷ፤ አይታ እንዳላየች በሩን መልሳ ዘጋችው።

ሐኪሟ ቀጠሮ መስጫውን ሳበች። ቀኝ ጆሮ፣ ብላ ጻፈች። ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ብላ ጻፈች። ዓመተ ምሕረቱ ላይ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ፤ የሚመጣውን ዓመት ቁጥር ጻፈች፤ ቀለሙ ሲደርቅ ሁለቱም እያዩት። ከሥሩ አንዲት ቃል ጨመረች። ወረቀቱን በአራት አጥፋ የቱታው ደረት ኪስ ውስጥ፣ በግራ በኩል፣ ከተተችው።

✻

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተቋራጩ ልጁን ሸኝቶ በዚያው ወደ ጋራዡ ጎራ አለ። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት። ዝቅ ብላለች፣ ጉልበቷ ያስታውቃል። ከዚያ አንገቱን በመስኮት አስገባ።

«ይህ ወንበር ለምን ተመለሰ? ካርዱ ይቅር አይልም?»

«የዶክተር ትእዛዝ ነው፣ ጋሼ።»

«አሥራ ዘጠኝ ኪሎ እኮ ነው ልጄ! ጎረቤቴ ይቀድመኛል።»

«ይቅደምዎ፣ ጋሼ። የት እንደሚደርስ እናያለን።»

ተቋራጩ አንድ ነገር ሊናገር አሰበ። ግን እሱም ከሽኝት የመጣ ሰው ነበር፤ ዓይኑ ወንበሩ ላይ ጥቂት ቆየና፣ «ነገ ሾፌሩ ይወስዳታል» ብሎ ወጣ።

ሚዛኑ ብቻውን ሲቀር የቀኙን በር ከፍቶ ጎን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሦስት ወር ሙሉ በዚህች መኪና ሲደክም እዚህ ቦታ ተቀምጦ አያውቅም። ነገሩ የገባው ወደ መሪው በኩል ሲዞር ነው፤ ከዚህ ሲቀመጡ ወደ ነጂው የሚሆነው ግራ ጆሮ ነው። ደህናው። ያን ማክሰኞ መሪውን ለእሷ ቢለቅላት ኖሮ፣ ማርሚታው ቢያገሳም፣ ስፖንጁ ባይኖርም፣ ይሰማት ነበር። በተሳሳተ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር የወደዳት።

ወረቀቱን አወጣና ከሥር ያለችውን ቃል እንደገና አነበበ።

እንዳትቀር።

የነጂው ወንበር ባዶ ነው። ሞተሩ ጠፍቷል። ሚዛኑ በሩን ዘጋ፤ ግራ ጆሮውንም ወደ ባዶው መሪ አዙሮ ማዳመጥ ጀመረ።